ወንዝ ያጣው ድልድይ፦ ውሃ በኢስላማዊ ኪነ ሕንፃ ውስጥ ሥራው ምን ነበር?

በኢራኗ ኢስፋሃን ከተማ ኻጁ የሚባል ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ ድልድይ አለ። የተሠራው በ1650 ገደማ፣ በዳግማዊ ሻህ አባስ ዘመን ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰው ከማሻገሩ ሌላ ግድብም ነበር። በቅስቶቹ ሥር ያሉት መዝጊያዎች ሲወርዱ ከድልድዩ በላይ ያለው ውሃ ከፍ ይላል። ግራና ቀኝ ያሉት የአትክልት ቦታዎች ይጠጣሉ። ንጉሡም መሀል ላይ ካለችው እልፍኝ ሆኖ የተኛውን ውሃ ያያል። ከታች በኩል ሰፋፊ ደረጃዎች አሉ። የከተማው ሰው ማታ ማታ እዚያ ቁጭ ብሎ ያንጎራጉራል። ዛሬም ያንጎራጉራል፤ ወንዙ ግን የለም። ዛያንዴ ሩድ የሚባለው ይህ ወንዝ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ደርቆ ነው የሚከርመው።

በኖቬምበር 2025 ደግሞ ችግሩ የኢስፋሃን ብቻ እንዳልሆነ የኢራኑ ፕሬዚዳንት መስዑድ ፔዜሽኪያን በይፋ ተናገሩ። ዝናብ ካልመጣ በቴህራን ውሃ በራሽን ማደል ይጀመራል፣ ያም ካልበቃ ከተማዋን ለቆ መውጣት ሊመጣ ይችላል አሉ። በሚሊዮኖች የሚኖሩባት ዋና ከተማ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ዓለም ጆሮውን ቢያቆም አይገርምም።

እንዲህ ያለ ዜና በመጣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ወሬ አይጠፋም። አንዱ «በረሃ ላይ ፋውንቴን እያፈሰሱ ሲንፈላሰሱ ኖረው አሁን ውሃ አለቀ ቢሉ ምን ይገርማል?» ይላል። ሌላው ደግሞ በስፔን ያለውን የሙስሊም ነገሥታት ቤተ መንግሥት፣ የአልሐምብራን ፎቶ ለጥፎ «የጥንቶቹ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ፓምፕ ይህን ሠርተዋል፤ ምስጢሩ ጠፋ» ይላል። ሁለቱም የሚያዩት ገንዳውን ብቻ ነው። ገንዳው የነገሩ ጭራ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ማንም ፎቶ የማያነሳው ቦታ ላይ ነው።

ጀነት ወይስ መስኖ?

ቁርአን ውስጥ ጀነት ሲነሳ «ከሥሮቻቸው ወንዞች የሚፈሱባቸው ገነቶች» የሚለው ሐረግ ደጋግሞ ይመጣል። ሱረቱ ሙሐመድ የውሃ፣ የወተት፣ የወይን ጠጅና የማር ወንዞችን ይጠቅሳል። ሱረቱ ራሕማን ምንጮች የሚፈሱባቸውን ገነቶች ይገልጻል። ከዚህ ተነስቶ ብዙ አስጎብኚ አጭር ማብራሪያ ይሰጣል። ግቢው ጀነት ነው፣ አራቱ ቦዮች አራቱ ወንዞች ናቸው፣ አለቀ።

ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። አራት ቦታ የተከፈለው የአትክልት ሥፍራ በፋርስኛ «ቻሃር ባግ» ይባላል። ሁለት ቦዮች መሀል ላይ መስቀለኛ ሆነው ይገናኛሉ፤ መሬቱ አራት ይሆናል። በድንጋይ ቦይ የተከፋፈለ ቤተ መንግሥታዊ የአትክልት ሥፍራ ግን ታላቁ ቂሮስ በፓሳርጋዴ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን አሠርቶ ነበር። ይህ ማለት ከእስልምና መምጣት ከ1,000 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ስለዚህ አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎች እንዲህ ይላሉ፦ ቅርጹ የመጣው ከመስኖ ነው። ውሃውን ከፍ ካለው ጫፍ ታስገባዋለህ፣ በቀጥታ ቦይ ታወርደዋለህ፣ ግራና ቀኝ ትከፍለዋለህ። መሬት በእኩል እንዲጠጣ ከፈለግህ ከዚህ የተሻለ አሠራር የለም። የጀነት ትርጉም በኋላ የተጨመረ ነው፤ ለሁሉም ግቢ መለጠፍም ልክ አይደለም።

ለዚህ አባባል ጥሩ ማስረጃ የተገኘው ስፔን፣ ግራናዳ ውስጥ ነው። በ1958 ኼኔራሊፌ በሚባለው የአልሐምብራ የበጋ ቤተ መንግሥት ላይ እሳት ተነሳ። ከእሳቱ በኋላ ዋናው ግቢ ሲቆፈር የሙስሊሞቹ ዘመን መሬት ከዛሬው ዝቅ ብሎ ተገኘ። የተክል መደቦቹ ከመተላለፊያው በታች ነበሩ። እንዲህ ሲሆን ውሃው ከቦዩ በራሱ ወደ መደቡ ይወርዳል። በመንገዱ የሚሄደው ሰው ደግሞ አበባውን ከላይ ሆኖ እንደ ምንጣፍ ያየዋል። መስኖውና ውበቱ አንድ ውሳኔ ነበሩ ማለት ነው።

ሌላኛው ወገንም ባዶ እጁን አይደለም። በህንዱ የመቃብር ሕንፃ በታጅ ማሃል ትልቁ በር ላይ የተቀረጸው ሱረቱ ፈጅር ነው። የሚያበቃው «ገነቴንም ግቢ» በሚለው አንቀጽ ነው። በሩን አልፎ የሚገባ ሰው ፊት ለፊት የሚያየው ቦይና ገንዳ ምን እንዲያስታውሰው እንደተፈለገ ጽሑፉ ራሱ ነግሮታል። መቃብር ያለባቸው የአትክልት ቦታዎች ላይ የጀነት ትርጉም ጠንካራ ነው። የመዝናኛ ግቢና የንጉሥ የፍራፍሬ ማሳ ላይ ግን ሲለጠጥ ይበጠሳል። ባለቤቱ ጽፎ ከተወው ቃሉን መቀበል ነው። ካልጻፈ ግን ውሃውን ተከትሎ ወደ ምንጩ መውጣት ይበልጥ ያስተምራል።

ከተራራው እስከ ግቢው

በኢራን ያለው ዋነኛ ዘዴ «ቃናት» ይባላል። ቃናት ከመሬት በታች የተቆፈረ፣ በጣም ለስላሳ ተዳፋት ያለው ዋሻ ነው። የሚጀምረው ተራራ ሥር የከርሰ ምድር ውሃ ካለበት «እናት ጉድጓድ» ነው። ከዚያ እየወረደ፣ ሜዳው ላይ ሲደርስ ከመሬት ይወጣል። በየመሀሉ አፈር የሚወጣባቸውና አየር የሚገባባቸው ጉድጓዶች አሉት። ከአውሮፕላን ሲታዩ የተደረደሩ የአፈር ቀለበቶች ይመስላሉ። በጎናባድ ያለው ቃናት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ዩኔስኮ በ2016 የኢራንን 11 ቃናቶች በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

ፓምፕ የለም፣ ውሃው በመሬት ስበት ብቻ ይመጣል። ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ቃናት ተራራው ከሰጠው በላይ መውሰድ አይችልም። የከርሰ ምድሩ ውሃ ዝቅ ሲል የቃናቱ ውሃም አብሮ ይቀንሳል። ሰውም ያንን አይቶ የሚዘራውን ይቀንሳል። ቁጥጥሩ አሠራሩ ውስጥ ነው ያለው፤ ለዚያ ሕግ አውጪ አያስፈልግም።

በካሻን ከተማ ያለው የፊን የአትክልት ሥፍራ የዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አሁን ያለውን መልክ የያዘው ከ1590 ገደማ ጀምሮ፣ በቀዳማዊ ሻህ አባስ ዘመን ነው። ሱለይማኒዬ ከሚባል ምንጭ የሚመጣው ውሃ በሸክላ ቱቦ ይወርዳል። ቦዮቹ በቱርኩዝ ሰማያዊ የሸክላ ንጣፍ የተሸፈኑ ናቸው። ፋውንቴኖቹ የሚረጩት ምንጩ ከፍ ብሎ፣ ግቢው ዝቅ ብሎ ስላለ ነው። ከግድግዳው ውጪ ደረቅ ምድር ነው። ስለዚህ ውስጡ ሲገባ የሚሰማው ቅዝቃዜ ሰውን ቢያስደነግጠው እውነት አለው።

ግራናዳ ላይ ደግሞ ሌላ ነው። ግራናዳን የገዛው የናስሪዶች ሥርወ መንግሥት መሥራች ቀዳማዊ ሙሐመድ በ1238 ኮረብታው ላይ መሥራት ሲጀምር መጀመሪያ ያሰበው ስለ ውሃ ነው። ያለ ውሃ እዚያ ላይ ምሽግ ብቻ ነው የሚኖረው። ከዳሮ ወንዝ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ተወጣና ውሃው ተጠለፈ። ከዚያ የኮረብታውን ወገብ ተከትሎ በቦይ መጣ። ይህ «የንጉሥ ቦይ» ኼኔራሊፌን መሀል ለመሀል አቋርጦ ወደ አልሐምብራ ይገባል። አሁን ቱሪስቱ የሚሻማበት ረጅም የግቢ ገንዳ ያው የመስኖ ቦዩ ነው።

በህንድ አግራ ላይ ደግሞ ተራራ የለም። ህንድን የገዛው የሙጋሎች ሥርወ መንግሥት መሥራች ባቡር ከመካከለኛው እስያ ሲመጣ በህንድ የሚፈስ ውሃ እንደሌለ አምርሮ ጽፏል። ዘሮቹ ታጅ ማሃልን ሲሠሩ ውሃውን ከያሙና ወንዝ በበሬ ጉልበትና በገመድ ባልዲ ወደ ላይ አወጡት። ከፍ ያለ ጋን ውስጥ አጠራቀሙትና ከዚያ ለቀቁት። በሌላ ቋንቋ፣ ተራራ ሲያጡ ተራራ ሠሩ።

የዚህ ሁሉ ሌላው ግማሽ ሰው ነው። ውሃው ለማን፣ ስንት ሰዓት፣ በየትኛው ቀን? በኢራን ይህን የሚያስተዳድረው «ሚራብ» ይባላል። በሀገራችን ባህላዊ መስኖ ላይ ያለው የውሃ አባት ዓይነት ሥራ ነው። በስፔኗ ቫሌንሲያ ከተማ ደግሞ የውሃ ዳኞች ዛሬም ሐሙስ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በካቴድራሉ በር ይሰየማሉ። ክርክሩም ፍርዱም በቃል ነው። የዚህ አሠራር ሥር ከአንዳሉስ (በሙስሊሞች ትገዛ ከነበረችው ስፔን) ሙስሊሞች ዘመን ጋር ይያያዛል። ዩኔስኮም በ2009 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

ገንዳው ላይ ጠጋ ብሎ ማየት

አልሐምብራ ውስጥ «የአደስ ግቢ» የሚባል አለ። ገንዳው 34 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ወርዱ 7 ሜትር ነው። ዳርና ዳር የአደስ አጥር አለው። በሰሜን በኩል ያለው ትልቅ ግንብ ውሃው ላይ ተገልብጦ ይታያል። ይህ እንዲሆን ውሃው መንቀሳቀስ የለበትም። ግን ደግሞ ካልተቀየረ ይሸታል፣ አረንጓዴ ይሆናል። ታዲያ እንዴት አድርገው አስገቡት? በሁለቱም ጫፍ መሬት ላይ የተቀመጠች ክብ የእምነበረድ ሳህን አለች። ውሃው እዚያ ላይ በቀስታ ይፈልቃል። ከዚያ በጠባብ ቦይ ጥቂት ተጉዞ፣ ጉልበቱን መንገድ ላይ ጨርሶ ገንዳው ውስጥ ይገባል። ሞገድ የለም። መስታወቱ አይሰበርም።

ታጅ ማሃል ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ነበር። በረድፍ የቆሙ ብዙ ፋውንቴኖች አሉ። በአንድ ቱቦ ብቻ ብትመግባቸው የቀረበው ከፍ አድርጎ ይረጫል፣ የራቀው ያንጠባጥባል። መፍትሔው የመዳብ ማሰሮ ነበር። በእያንዳንዱ ፋውንቴን ሥር አንድ ማሰሮ ተቀበረ። ውሃው መጀመሪያ ማሰሮዎቹን ይሞላል። ከሞሉ በኋላ ነው በአንድ ጊዜ፣ በተቀራራቢ ከፍታ ወደ ላይ የሚወጣው። ምስጢር የለውም። የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ነው፤ ጎበዝ የቧንቧ ሠራተኛ ግን።

«ሰልሰቢል» የሚባልም አለ። በቁርአን የጀነት ምንጭ ስም ነው። በኪነ ሕንፃ ግን የተቀረጸ፣ ዘመም ያለ የእምነበረድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ውሃው በቅርጹ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። በቀጭኑ ስለሚዘረጋ አየር በደንብ ይነካዋል። ቤቱ ይቀዘቅዛል። በጣሊያኗ ፓሌርሞ፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖርማን ነገሥታት ባሠሩት የዚዛ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይህ አለ። ክርስቲያን ነገሥታት ናቸው፤ አሠራሩ ግን የሙስሊሞቹ ነው።

ቅዝቃዜው ስሜት ብቻ አይደለም። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ከአካባቢው 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። ይህ አንድ ኪሎ ዋት የሚስብ ምድጃ በ40 ደቂቃ የሚሰጠውን ሙቀት ያህላል። በያዝድ ከተማ በዶውላታባድ ግቢ ያለው የነፋስ ማማ 33 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከላይ የያዘውን ነፋስ ወደ ታች አውርዶ በውሃ ላይ ያሳልፈዋል። ቀደምት ኤየር ኮንዲሽነር ብንለው ብዙም አላጋነንም።

እዚህ ላይ «ቅንጦት ነው» ለሚለው ወሬ ሒሳብ እንሥራ። የአደስ ግቢው ገንዳ 238 ካሬ ሜትር ነው። በሞቃት ቀን 5 ሚሊ ሜትር ተነነ ብንል 1,190 ሊትር ይሆናል። በዚያው ልክ ውሃ የሚያጣ አንድ ሄክታር የመስኖ ማሳ 50,000 ሊትር ይወስዳል። ገንዳው ከማሳው አንድ አርባኛ አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ገንዳው ውስጥ የሚያልፈው ውሃ አይጠፋም፤ ወርዶ ቀጣዩን ግቢና አትክልቱን ያጠጣል። ውሃ ጨርሶ ሀገር ያደረቀ የቤተ መንግሥት ፋውንቴን የለም።

የተጋነኑ ተረቶችንም አለማለፍ ጥሩ ነው። በአልሐምብራ የአንበሶች ግቢ 12 የእምነበረድ አንበሶች ሰፊ ሳህን ተሸክመው ከአፋቸው ውሃ ይተፋሉ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ በአምስተኛው ሙሐመድ ዘመን የተሠራ ነው። በሳህኑ ዙሪያ የኢብን ዘምረክ ግጥም ተቀርጿል፤ የሚፈሰው ውሃው ነው ወይስ እምነበረዱ ብሎ ይጠይቃል። «በየሰዓቱ አንድ አንበሳ ብቻ ይተፋ ነበር፤ የውሃ ሰዓት ነው፤ ክርስቲያኖች ፈትተው ሲገጥሙት አበላሹት» የሚለው የማኅበራዊ ሚዲያ ታሪክ ግን ማስረጃ የለውም። በኼኔራሊፌ ገንዳ ላይ ከግራና ከቀኝ ቅስት ሠርተው የሚረጩት ዝነኛ ፋውንቴኖችም የሙስሊሞቹ አይደሉም፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የተጨመሩ ናቸው። የመጀመሪያው ገንዳ ጸጥ ያለ ነበር።

ውዱእና የገንዳው ልክ

በመስጂድ ግቢ ያለው ገንዳ ሌላ ሥራ አለው። ከሰላት በፊት ውዱእ ይደረግበታል። ብዙ ሰው እጁን የሚያስገባበት የቆመ ውሃ እስከ መቼ ንጹሕ ሆኖ ይቆጠራል? ይህ የፊቅህ ጥያቄ ነው፤ ፊቅህ ማለት የሃይማኖቱ የሕግ ዕውቀት ነው። መልሱ የገንዳውን ልክ ወስኗል። በሐረርና በብዙ የሀገራችን አካባቢ የሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ (የፊቅህ ትምህርት ቤት) ሁለት «ቁላ» የሞላ ውሃ ባሕርይው ካልተቀየረ አይነጀስም፣ ማለትም አይረክስም ይላል። ይህ በግምት 200 ሊትር ነው። የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት 10 በ10 ክንድ የሆነ ገንዳ ነው። የዴልሂ፣ የአግራ ወይም የመካከለኛው እስያ መስጂድ ግቢ ሰፊ ገንዳ ሲኖረው ከውበቱ ጀርባ ይህ ሒሳብ አለ።

ቁጠባውም ተነግሯል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ «ሙድ» ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ ስብስቦች ተዘግቧል። ሙድ ከአንድ ሊትር ያንሳል። በኢብን ማጃህ ስብስብ ያለው ደግሞ «በሚፈስ ወንዝ ዳር ብትሆንም አታባክን» የሚለው ነው። ሰነዱ ላይ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ትርጉሙ ላይ ግን ብዙም አይለያዩም።

ዛያንዴ ሩድን ማን አደረቀው?

ወደ ኢስፋሃን ስንመለስ መልሱ ማንን እንደጠየቅህ ይለያያል። መንግሥት ድርቁን ያስቀድማል። ድርቁ እውነት ነው፤ ዝናቡ ቀንሷል፣ ሙቀቱ ጨምሯል። ከከተማዋ በስተምሥራቅ ያሉት ገበሬዎች ግን ጣታቸውን ወደ ወንዙ ላይኛው ክፍል ይቀስራሉ። ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው የውሃ ድርሻ አለን፤ ውሃችን ለብረት ፋብሪካዎችና በቧንቧ ወደ ያዝድ ክፍለ ሀገር ተወሰደ ይላሉ። የያዝዱን ቧንቧ በተለያየ ጊዜ እስከ መስበር ደርሰዋል። በኖቬምበር 2021 ደግሞ ሺዎች በደረቀው ወንዝ ላይ ድንኳን ተክለው ተቃውሞ አሰሙ። ያዝዶች በበኩላቸው የሚጠጣ ውሃ ነው የጠየቅነው ይላሉ። ከወንዙ መነሻ ያሉት የቻሃርማሃልና ባኽቲያሪ ሰዎች ደግሞ ኢስፋሃንን ራሷን ይከሳሉ፤ የእኛን ውሃ በዋሻ የምትወስድ እሷ ናት ነው ነገራቸው።

ሁሉም በከፊል ትክክል ነው። በኢራን ከሚወጣው ውሃ 90 በመቶ ገደማው ለግብርና ነው የሚውለው። ከ1979ኙ የኢራን አብዮት በኋላ ሀገሪቱ በምግብ ራሷን እንድትችል የተያዘው ፖሊሲ በደረቅ ምድር ላይ ውሃ የሚጠጣ እርሻ አስፋፋ። በኢራን ላይ የተጣለው ማዕቀብም ፖሊሲውን አጠነከረው። ነገሩ ግን ከዚያም ይቀድማል። ከ1960ዎቹ የመሬት ማሻሻያ በኋላ ጥልቅ ጉድጓድና ሞተር ተስፋፋ። ፓምፕ እንደ ቃናት አይደለም። ውሃው ሲርቅ ቱቦውን ማስረዘም ብቻ ነው። ጎረቤትህ በፓምፕ ሲስብ ያንተ ቃናት ይደርቃል። አንተም ፓምፕ ትገዛለህ። የውሃ አስተዳደር ባለሙያዎች ይህን «የውሃ ኪሳራ» ይሉታል። ተፈጥሮ በየዓመቱ ከምታስገባው በላይ እያወጡ፣ ካፒታሉን በልቶ መጨረስ ማለት ነው።

የጥንቱን ዘመን ቅዱስ ማድረግም አያስፈልግም። ቀዳማዊ ሻህ አባስ ራሱ የወንዙ ውሃ አልበቃው ብሎ፣ ከሌላ ተፋሰስ ለማምጣት ተራራ ማስቆፈር ጀምሮ ነበር። አልተሳካለትም። በ1953 ግን የኩህራንግ ዋሻ ተሠርቶ ውሃው መጣ። በወንዙ ላይ ግድብም በ1970 ገደማ ተጨመረ። ውሃ ሲጨመር እርሻውም ፋብሪካውም ከጭማሪው በላይ አደገ። ምኞቱ የድሮ ነው፤ አዲሱ ነገር አቅሙ ነው።

ወንዙ ሲደርቅ ሕንፃው ምን ይሆናል?

ጉዳቱ የእይታ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። የኢስፋሃን ከርሰ ምድር ውሃ የሚሞላው በአብዛኛው ከወንዙ በሚሰርገው ነው። ወንዙ ደረቀ፣ ጉድጓዶቹ ግን መሳባቸውን ቀጠሉ። ውሃው ከሸክላ አፈሩ መሀል ሲወጣ አፈሩ ይጨመቃል፤ መሬቱ ይሰምጣል። የሚሰምጠው ደግሞ በእኩል አይደለም። አንዱ ጥግ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ሲወርድ ግድግዳ ይሰነጠቃል። በዓለም ቅርስነት በ1979 በተመዘገበው የናቅሽ ጃሃን አደባባይ ዙሪያ ስላሉት መስጂዶችና ስለ ድልድዮቹ የቅርስ ባለሙያዎች ሲያስጠነቅቁ ቆይተዋል። የወንዙ ማብቂያ የሆነው የጋቭኹኒ ረግረግም ደርቋል። በ1975 በራምሳር ስምምነት የተመዘገበ ረግረግ ነበር፤ ራምሳር ረግረጋማ ቦታዎችን ለመጠበቅ የተፈረመ ዓለም አቀፍ ውል ነው።

አግራ ላይም ተመሳሳይ ክርክር አለ። አንዳንዶች የታጅ ማሃል መሠረት የያሙናን እርጥበት ይፈልጋል፤ ወንዙ ሲጎድል ሕንፃው ይጎዳል ይላሉ። የህንድ የቅርስ ባለሥልጣናት ደግሞ ሕንፃው ደህና ነው ባይ ናቸው። በጁላይ 2023 ያሙና ሞልቶ የታጅን አጥር ሲነካ እንኳን ጉዳት አልደረሰም። እዚያ ላይ ስጋቱ የኢስፋሃንን ያህል አልተረጋገጠም። ሁለቱን በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ አይገባም።

ከዚህ በኋላ

ቀላሉ መንገድ ፓምፕ ነው። ያንኑ ውሃ እያዞሩ ፋውንቴኑን ማስረጨት ይቻላል። ብዙ ቅርሶች እንዲህ ናቸው። ለጎብኚ ይበቃል። ገንዳው ግን ከመስኖው ተቆርጧል፤ የሚያጠጣው ማሳም የሚያስተዳድረው ሚራብም የለም።

ከባዱ መንገድ አሠራሩን መመለስ ነው። ይህ ሙሉ በሙሉ ሕልም አይደለም። በኦማን «አፍላጅ» የሚባሉ 3,000 ያህል ተመሳሳይ የመስኖ መስመሮች ዛሬም ውሃ ያመላልሳሉ። አምስቱ በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በኤምሬትስ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚያውቋት አል ዓይንም የተምር ደኗን ያበቀለችው በዚሁ ዘዴ ነው። በስፔን ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ደግሞ በጎ ፈቃደኞች ከገበሬዎች ጋር ሆነው የተተዉ የሙስሊም ዘመን ቦዮችን እየጠረጉ ውሃ መልሰውባቸዋል። ከነዚህ ቦዮች አንዳንዶቹ ሆን ተብለው የሚያፈሱ ናቸው። በፀደይ የሚቀልጠውን በረዶ ተቀብለው ተራራው ላይ እንዲሰርግ ያደርጉታል። ውሃው ከሳምንታትና ከወራት በኋላ፣ በበጋው መሀል፣ ከታች በምንጭ ይወጣል።

ኢስፋሃን ላይ ግን ገደብ አለው። የተጨመቀ የሸክላ አፈር ውሃ ቢመለስለት እንኳ በአብዛኛው ወደ ነበረበት አይመለስም። የጠፋው የማጠራቀም አቅም ጠፍቷል። የቀረውን ለማዳን ወንዙ ለዓመታት ሳይቋረጥ መፍሰስ፣ ጉድጓዶቹም መቀነስ አለባቸው። አሁን የሚደረገው ሌላ ነው። ለዘር ወቅት ለጥቂት ሳምንታት ውሃ ይለቀቃል፤ ሕዝቡ ነቅሎ ወጥቶ ፎቶ ይነሳል፤ ከዚያ ግድቡ ይዘጋል። ጉድጓድ መቀነስ ማለት የምሥራቁ ገበሬ ማሳ ላይ መፍረድ ማለት ነው። እሱ ደግሞ ለፋብሪካውና ለያዝድ የሚሄደው ውሃ ሳይነካ የእኔ ጉድጓድ ለምን ይዘጋል ይላል። ካሳ ሳይከፈል ይህን ጥያቄ መመለስ ከባድ ነው፤ ካሳውን የሚሸፍን ገንዘብ ደግሞ በማዕቀብና በዋጋ ንረት በተያዘች ሀገር በቀላሉ አይገኝም።